ድንኳናችንን የት እንትከል?

ለከተማችን የፕላንና የመልሶ ማልማት ሥራ ኃላፊዎች
ባላችሁበት
አዳማ

ጉዳዩ፦ የእድራችንን ዕቃ ቤት፣ የጉልቱን ጥግና የሠፈራችንን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ሠፈር ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ካርታ ማንበብ እንደማያቅተኝ እንድታውቁልኝ ነው። የቢሮአችሁን ስም ከላይ ያልጻፍኩት ደግሞ በስብሰባው ቀን ከሦስት ቢሮ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጉዳያችን የትኛው እጅ ላይ እንዳለ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። እናም ለሁላችሁም ይድረስ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ካርታው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ተለቀቀ። ሠፈራችን ቢጫ ተቀብቷል። መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ አራት ማዕዘን አለች። ባለሙያው ልጄ ሊሆን የሚችል ትሑት ወጣት ነው። በቀይ መብራት እየጠቆመ «ይቺ መናፈሻ ናት» አለን። እርስ በርስ ተያየን። አረንጓዴዋ ያረፈችው የእድራችን ዕቃ ቤት ላይ ነው። እጄን አውጥቼ «እድራችን የት ገባ?» አልኩ። ልጁ ካርታውን አየ፣ ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ «አባባ፣ ማኅበራዊ ጉዳይን የሚመለከተው ሌላ ቢሮ ነው» አለኝ።

መናደድማ ተናድጄ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ አልዋሸም። በእናንተ አሠራር ከተማ ማለት መንገድ፣ ሕንፃ፣ ቱቦና መብራት ነው። ሰው ሌላ ቢሮ ነው። ከሳምንት በኋላ ዕቃ ቤታችን በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። በ15 ቀን ውስጥ ንብረታችሁን አንሡ ይላል። ወዴት እንደምናነሣው አይልም።

እስቲ «ከተማ» የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። በድሮ ጽሑፎች ከተማ ማለት ንጉሥ ከሠራዊቱ ጋር የሚሰፍርበት ቦታ ነው። ንጉሡ ድንኳኑን ይተክላል፤ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ዙሪያውን ይሰፍራሉ። «ሠፈር» የምንለውም ቃል ከዚያው ከመስፈር የመጣ ነው። ማገዶና ሣር ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከተማውም አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ እንኳ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ምንም አልቀራት ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ቀረች። ስለዚህ በዚህ ቃል ከሄድን ከተማ የገዢ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቦታውን እየሸነሸነ «አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ» ቢል አይገርምም። ቃሉ ራሱ የሸነሸነ ሰው ቃል ነው።

የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ድንኳን ነው። ሸራው ሁለት ቦታ ተጣፍፏል። ከሱ ጋር አግዳሚ ወንበሮች፣ ሳህኖች፣ የውሃ በርሜሎችና ሁለት ዓይነት ብረት ድስቶች አሉን። ሁለት ዓይነት ያልኩት ግማሹ የክርስቲያን፣ ግማሹ የሙስሊም ስለሆነ ነው። የሙስሊሞቹ እጀታ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁ ሲያረጅ የሚቀይሩት አንድ ቄስ ጎረቤታችን ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ይህ ሁሉ የተቀመጠው ሃያ ካሬ በማትሞላ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አታምርም። እሱን እኔም አምናለሁ። ጣሪያዋ ዝጓል፤ አንዱ ጎኗም ትንሽ ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል። «ለዓይን አይመችም» ካላችሁ አልከራከርም።

እድርን ከገጠር ተጭኖ የመጣ ኋላ ቀር ልማድ የሚያደርጉት አሉ። ተሳስተዋል። እድር የከተማ ልጅ ነው። የተስፋፋው ባለፈው መቶ ዓመት ከተሞች ሲያድጉ ነው። ምክንያቱም አያስቸግርም። አገሩ ላይ የሞተ ሰው ዘመድ ይቀብረዋል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ባቡር ተሳፍሮ እዚህ የወረደው ሰውስ? ያለው የግድግዳ ጎረቤት ብቻ ነው። ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ወላይታው፣ ከድሬዳዋ ተሳፍሮ የመጣው ነጋዴ፣ ወንጂ ሸንኮራ ሊቆርጥ መጥቶ እዚሁ የቀረው ሁሉ አንድ ነገር ተባባለ። «እኔ ስሞት ቅበረኝ፤ አንተ ስትሞት እቀብርሃለሁ።» በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጣ። ድንኳን ገዛ። ለእኔ ከተማ ማለት የማይዛመዱ ሰዎች የሚቀባበሩበት ቦታ ነው። መንገዱም መብራቱም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ተሠራ። ሰፋ፤ ከርቭ ስቶን ተደረደረ፤ ኮብል ድንጋይ ተነጠፈ፤ መብራት ቆመ፤ በመሐል አበባ ተተከለ። ማታ ማታ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ደስ ይላል። ነገር ግን ድንኳን የምንተክለው እዚያው መንገድ ዳር ነበር። አሁን ካስማ የሚገባበት አፈር የለም። አበባው ላይ መትከል ያስቀጣል። ድንጋዩ ላይ መትከል ያስቀጣል። «በማመልከቻ ፈቃድ ጠይቁ» ተባልን።

አንድ ዓርብ ማታ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን አረፉ። ሙስሊም ናቸው። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ጥሩምባችን ሌሊቱን ተነፋ። ቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ልንጠይቅ ወደ ቢሮ ሄድን። ዝግ ነው። ዘበኛው «ሰኞ ኑ» አለን። ሞት ቅዳሜና እሑድ የማይሠራ መስሎት እንደሆነ እንጃ! ኋላ ላይ ያዳነን አንድ መጠጥ ቤት ነው። ባለቤትየዋ ቤቷን ሦስት ቀን ዘግታ፣ የቢራውን ሳጥን ጓዳ ከታ ግቢዋን ለቀቀችልን። ሼኹም «አላህ ይስጥሽ» ብለው ገቡ። ይህን ታሪክ ስናወራው እንስቃለን። የሟቹ ባለቤት ግን እስከ ዛሬ አልሳቀችም። ባሏ የተለቀሰው የሰው ግቢ ውስጥ ነው። እንግዶች ድንኳን እየፈለጉ ጠፍተው ተመልሰዋል። ድንኳን ምልክትም ነው። መንገድ ላይ ካልታየ ለቅሶ መኖሩን ማን ያውቃል?

ሁለተኛው የጉልቱ ጉዳይ ነው። በአፋን ኦሮሞ ከተማ «መጋላ» ይባላል። ሐረር ሄዳችሁ ፈረስ መጋላ ስትሉ ደግሞ የፈረስ ገበያ ማለታችሁ ነው። ይህ ቃል ደስ ይለኛል። «ከተማ» ስንል ነገሩ ከንጉሥ ድንኳን ይጀምራል፤ «መጋላ» ስንል ከገበያ ይጀምራል። አንዱ ከላይ ይወርዳል፤ ሌላው ከመሬት ይበቅላል። እዚህ አዳማ ሁለቱንም ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንቀላቅል እንውላለን፤ ልዩነቱ ትዝም አይለን።

የእኛ መጋላ ሰባት ሴቶች ነበሩ። ከቆቃና ከመቂ በኩል የመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ጥጉ ላይ ይቀመጣሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ። ጎዳናውን «ጽዱ» ለማድረግ ተብሎ ወደ አዲስ ሼድ ተዛወሩ። ሼዱ ጥሩ ነው፤ ጣሪያ አለው፤ ቁጥር ተጽፎበታል። ችግሩ ሩቅ ነው። እዚያ ማንም አያልፍም። ጉልት ማለት ደግሞ ከሥራ ወደ ቤት የሚገባ ሰው እግረ መንገዱን የሚገዛበት ነው። ለሁለት ራስ ሽንኩርት ባጃጅ የሚሳፈር ማን አለ?

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ የዱቤ ደብተር ነበራቸው። ማንበብ አይችሉም። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አላቸው፤ ለእኔ ቤት መነጽር ሥለዋል። ደሞዝ ሲወጣ በዚያው ሲያልፍ ሰው ይከፍላቸዋል። ሲዛወሩ የሦስት ወር ዱቤ መንገድ ላይ ቀረ። ሊክዳቸው የፈለገ ሰው ስለነበረ አይደለም። በቃ መንገዳቸው አልገጠመም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የቤት ቁልፍ የሚወስዱት ከእሳቸው ነበር። በእኔ ሠፈር ስንት እናት ቁልፏን ለእማማ ትታ ፋብሪካ ትውል እንደነበር በስብሰባው ካርታ ላይ አላየሁም። ዛሬ ያቺ ጥግ ፖል መብራት አላት፤ ከድሮው ይልቅ ደማቅ ናት። ግን በ2 ሰዓት ባዶ ናት። ባለፈው ወር እዚያው መብራት ሥር የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ተነጠቀች። ሴቶቹ ቢኖሩ አይነጠቅም ነበር ብዬ መማል አልችልም። ሰባት ሴት ተቀምጦ ባለበት ግን ሌባ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ጎርፉን ደግሞ አትርሱት። አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ መሆኗን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ ከደጃችን ሆነን እናያለን። ክረምት ሲመጣ ውሃው ከዚያ ከላይ ወርዶ የሚሄድበት የራሱ መንገድ አለው። ውሃም ከተማውን በራሱ መንገድ ነው የሚያውቀው፤ ፕላን አይጠይቅም። በእኛ ሠፈር የሚያልፈው በሁለት አጥሮች መካከል ባለች ጠባብ ቦይ ነበር። ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ መጣያ ትመስላለች። ሥራው ሲጀመር አንድ የእድራችን ሽማግሌ ለፎርማኑ «ልጄ፣ ይቺን አትድፈናት፤ የጎርፍ በር ናት» ብለውት ነበር። «ዲዛይኑ ላይ የለችም» አላቸው። ተደፈነች። አዲሱ መንገድ ደግሞ ከደጃፋችን ከፍ ብሎ ተሠራ። ባለፈው ነሐሴ በአንድ ሌሊት ዝናብ አራት ቤት ውሃ ገባ። የአንዷ ጎረቤታችን ጤፍ ከነጆንያው ራሰ። ፎቶ አለን፤ ለማየት ለሚፈልግ እናሳያለን።

ስለ ጋሪ ብዙ አልልም። ከአስፋልት መከልከሉ ለፈረሱም ሳይሻል አይቀርም፤ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ዓመት ሙሉ ሲጎተት አይቻለሁ። ግን ከወፍጮ ቤት ዱቄት፣ ከቦኖ ጀሪካን ውሃ ወደ ውስጥ ውስጡን የሚያደርስልን ጋሪ ነበር። ባጃጅ ኩንታል አይጭንም። የከለከለ አካል ምትኩንም ቢያስብ ጥሩ ነበር።

ከተማን በቁጥር ማየትም አለ። በ1999ኙ ቆጠራ አዳማ 220,212 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ያ ቁጥር ዛሬም ከወረቀት ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን መራጭ ነው። ከተማን በካሬ ሜትር ማየትም አለ። የከተማ መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ በተለይም ከሊዝ ወዲህ፣ ቦታ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ነው። በዚህ ሂሳብ የእድር ዕቃ ቤት ዜሮ ነው። አይከራይም፤ አይሸጥም፤ ግብር አይከፍልም።

ይሁንና ሕጉ ራሱ እንደ እናንተ ካርታ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺዎች ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ የሚቋረጥ ነገር መኖሩን ሕግ አውጪው ያውቃል። ገና ያልተቋረጠውን ከመቁረጥ መጠንቀቅ ካሳ ከመክፈል አይረክስም? የእኛ ሠፈር ሲጠና የቤቱ ግድግዳ ተለካ፤ የዛፉ ቁጥር ተጻፈ፤ የውሃ ቆጣሪው ተመዘገበ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀባበር የጠየቀ አልነበረም። ሁለት ሰዓት አይፈጅም ነበር። መዝገቡ እኔ ጋ ነው፤ ከነስልክ ቁጥሩ።

መንገዱ ይፍረስ የሚል የለም። ቆርቆሮ ቤታችን ቅርስ ነው የሚልም የለም። የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

የ15 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ምትክ ቦታ እስኪሰጠን ይቁም። ሃያ ካሬ ይበቃናል። ግን በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ብረት ድስት በትከሻ ነው የምናደርሰው። ቤቱን በራሳችን ወጪ፣ በምትሰጡን ዲዛይንና ቀለም እንሠራለን።

መናፈሻው ውስጥ አንድ ወገን ዛፍም አበባም ሳይተከልበት፣ ሜዳ ሆኖ ይቅር። ቢቻል የካስማ ቀለበቶች መሬቱ ላይ ተቀብረው ይሠሩልን። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ የልጆች ኳስም ይሆናል። ለለቅሶ ደግሞ ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቅ ይብቃ። ቅዳሜና እሑድ የሚያነሣ አንድ ስልክ ቁጥር ስጡን።

ለጉልት ሴቶቹ ጥጉ ከ10 ሰዓት በኋላ ይፈቀድላቸው። ሲነሡ ጠርገው እንደሚነሡ እድሩ ይፈርማል። ሼዱ ውስጥ ያለው መደባቸው ግን እንዳይነጠቅ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ መሸጥ የሚፈልጉ አሉ።

የተደፈነችው ቦይ ሰኔ ሳይገባ ትከፈት። ቦታዋን የሚያሳዩ ሽማግሌ በሕይወት አሉ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው። ካርታችሁ ጥግ ላይ የምልክቶች መግለጫ አለ። የመብራት ፖል ምልክት አለው፤ የቆሻሻ ገንዳ ምልክት አለው። ለእድርም አንድ ምልክት ጨምሩልን። ድንኳን ብትሥሉበት እኛም በቀላሉ እናገኘዋለን።

ለመነጋገር ከጠራችሁን ሰባት ሆነን እንመጣለን፤ ከጉልት ሴቶቹም ሁለቱ አብረውን ይሆናሉ። ቀኑ የወሩ የመጀመሪያው እሑድ ባይሆን ደስ ይለናል፤ ጠዋቱን መዋጮ እንሰበስባለን።

ከአክብሮት ጋር

የእድሩ ጸሐፊ
አዳማ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ሰብሳቢና ለገንዘብ ያዡ
ለጉልት ሻጭ እናቶች (ይነበብላቸው)